ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ያበሩ ልጆች በኋላ የት ይጠፋሉ?

ጠያቂው
ሰላም ቤተሰብ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ክርክር ይዘናል፣ ገላግሉን። በየውድድሩ አንድ ልጅ ይነሳና ሦስት ሰው አልፎ ሲያገባ "በቃ፣ የነገው ኮከብ ተገኘ" እንላለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ስሙን የሚያነሳው የለም። ወንድሜ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ አንድም ጨዋታ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም፣ ግን ምን ብዬ እንደምረታው ጠፋኝ። የኮከብነቱ ሽልማት ስለ ልጁ የሚነግረን ነገር አለ? ዕድሜውስ እውነት ነው? አንዳንዱ እኮ ፂሙን ተላጭቶ የገባ ነው የሚመስለው።

የመሀል ሜዳ ሰው
ሽልማቱን ብዙ አትመነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የ2015ቱን ናይጄሪያ አስታውስ። ዋንጫውን ሲያነሱ ኮከብ ተጫዋች የተባለው አምበሉ ኬሌቺ ንዋካሊ ነበር። አርሰናል ወሰደው፣ ለሆላንድ ክለቦች በውሰት ሰጠው፣ በዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ተሰናበተ። በዚያው ቡድን 10 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ደግሞ ኦሲምሄን ነው፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አጥቂ። እሱ የት እንደደረሰ አልነግርህም።

"እንግዲያው አግቢውን ነው ማየት" እንዳትል፣ በ2017 ነገሩ ተገለበጠ። ኮከቡ እንግሊዛዊው ፎደን ሆነ (የማንቸስተር ሲቲው)፣ 8 ጎል ያገባው ደግሞ የቡድን ጓደኛው ብሬውስተር። ብሬውስተር በኋላ ሼፊልድ ዩናይትድ ገብቶ በመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዓመቱ አንድም ጎል አላገባም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ፍጻሜ እንግሊዝ በስፔን 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 5 ለ 2 አሸነፈች አይደል? አንዷን ጎል ያገባው ተከላካዩ ጉዪ ነበር። ያኔ ማን ስለ እሱ አወራ? አሁን የእንግሊዝ ዋናው ቡድን ተከላካይ ነው።

ነጭ ካርድ
ስለ ዕድሜው፣ ከ2009 ጀምሮ ፊፋ በዚህ ውድድር የእጅ አንጓ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ያስነሳል። አንጓው አጠገብ አጥንቱ የሚያድግበት ቀጭን መስመር አለ። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ቀዳዳ ግን አለው፤ የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ አጥንቱ ገና ያልተዘጋ ካለ ያልፋል። ለ20 ዓመት በታቹ ደግሞ ጭራሽ አያገለግልም፣ በዚያ ዕድሜ የብዙው ሰው ተዘግቷል።

ሌላው ሰው የማያስበው የልደት ወር ነው። የ2025ቱ የኳታር ውድድር ከጥር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ለተወለዱ ነበር (ያው የፈረንጅ ጥር)። ጥር የተወለደና ታኅሣሥ የተወለደ ልጅ በወረቀት እኩያ ናቸው። በ16 ዓመት ግን አሥራ አንድ ወር ማለት ትከሻ ነው፣ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ቡድኖቹ በዓመቱ መጀመሪያ በተወለዱ ልጆች የተሞሉ ናቸው። ያ የምታየው "ፂማም" ብዙ ጊዜ አላጭበረበረም፣ ቀድሞ ነው የጎረመሰ።

ጠያቂው
ኧረ ጥሩ ነው! ታዲያ ምኑን ልይ? ጉልበተኛውን ተውኩት።

የመሀል ሜዳ ሰው
ኳስ ሳትደርሰው በፊት አንገቱን የሚያዞረውን እይ። ጉልበቱን እኩዮቹ በ19 ዓመታቸው ይደርሱበታል፣ ዙሪያውን ቀድሞ ማየቱን ግን በቀላሉ አይደርሱበትም። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ የሚያደርገውንም እይ፤ ቆሞ እጁን የሚያወናጭፍ ልጅ ካየሁ እኔ በበኩሌ ስሙን አልመዘግብም።

ተቀያሪ ወንበር
ለወንድምህ ይቺን ንገርልኝ። በ2019 ከ20 ዓመት በታች ላይ የኖርዌዩ አጥቂ ሃላንድ ሆንዱራስ ላይ በአንድ ጨዋታ 9 ጎል አገባ፣ 12 ለ 0። በሌሎቹ ሁለት ጨዋታዎች ምንም አላገባም፣ ኖርዌይም ከምድቧ አላለፈችም። በዘጠኙ ብቻ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ደግሞ ክለቦች ለታዳጊ ውድድር ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ የለባቸውም። በ2017ቱ ከ17 ዓመት በታች የጀርመኑ ዶርትሙንድ እንግሊዛዊውን ሳንቾን ከምድብ ጨዋታው በኋላ መልሶ ወሰደው፣ የብራዚሉ ፍላሜንጎ ደግሞ ቪኒሲየስን (በኋላ የሪያል ማድሪድ ኮከብ የሆነውን) ጭራሽ አለቀቀውም። አንዳንዴ ከውድድሩ የቀረውንም ስም መያዝ ነው።

ጠያቂው
ወንድሜ የሃላንዱን አላምንም ብሎ አሁን ቪዲዮውን እየፈለገ ነው። ስድስተኛው ጎል ላይ ደርሷል።