የስማርት መነጽር ገበያ በጅማ፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ስማርት መነጽር (ካሜራና ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ መነጽር) ለመሸጥ ባዘጋጀነው የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ላይ «ለሠርግ ወቅት የሚደርስ ዕቃ በጅምላ አስገብተን፣ ፊልም ለሚቀርጹ ሰዎች እንሸጣለን» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ከመጽደቁ በፊት አስተያየታችሁን እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።

የመነጽር ቤት ባለቤት፦
በዚህ አልስማማም። ስናፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ባለካሜራ መነጽሩን ሲያወጣ ገዢው ተሰልፎ ነበር፤ ሰልፉን አምኖ ብዙ በማምረቱ ግን በዓመቱ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ መዘገበ። እኛ ደግሞ ዶላሩ በጨመረ ቁጥር ዋጋ እየከለስን፣ ያልተሸጠ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ልናከርም አንችልም። በ2023 እ.ኤ.አ. ከ299 ዶላር ጀምሮ የቀረበው ሬይባን ሜታ የተባለው ስማርት መነጽር ከሁለት ሚሊዮን በላይ የተሸጠው፣ በእኔ ግምት፣ ሲያዩት ተራ መነጽር ስለሚመስልና በሐኪም የታዘዘ ሌንስ ስለሚገጠምለት ነው። ስለዚህ ቀድሞውኑ መነጽር የሚያደርገውን ደንበኛ እናስቀድም፤ ዕቃውም ቀብድ በከፈለው ሰው ልክ ይታዘዝ።

የሞባይል ጥገና ባለሙያ፦
የቀብዱን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ደንበኛው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። መነጽሩ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የድምፅ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ስልክ ለማናገር፣ ሙዚቃ ለመስማትና ፎቶ ለማንሳት ግን ያገለግላል። ይህ በቴሌግራም ማስታወቂያችን ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ «አታላችሁናል» የሚለው ወቀሳ የሚመጣው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው።

የልብስ መደብር ባለቤት፦
እኔን የሚያሳስበኝ ካሜራው ነው። በከተማችን ገበያ በኸርማታ መርካቶ ውስጥ ሳያስፈቅዱ እናቶችን መቅረጽ ጠብ ያስነሳል። በ1,500 ዶላር ይሸጥ የነበረውን የጉግል ኩባንያ ስማርት መነጽር፣ ጉግል ግላስን፣ ካስጠሉት ነገሮች አንዱም ይኸው «እየቀረጸን ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ነበር።

የመነጽር ቤት ባለቤት፦
እውነትዎን ነው፣ እትዬ። በሬይባን ሜታው ፍሬም ፊት ላይ ሲቀርጽ የሚበራ ትንሽ መብራት አለ፤ መብራቱን በጣት ሸፍነው ለመቅረጽ ቢሞክሩ መነጽሩ እንቢ ይላል። ሻጩ ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በተግባር ያሳይ። ይህ መከላከያ የሌለውን ርካሽ አስመሳይ ግን ማኅበሩ ባያስገባው እመርጣለሁ፤ ትርፉ ቢያጓጓም።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ «በጅምላ» የሚለው ወጥቶ «በቀብድ ትእዛዝ» በሚለው ይተካል፤ የሠርጉም ሐሳብ ለጊዜው ይቆያል። ቀብዱ በማኅበሩ ሒሳብ ይግባ ወይስ በየሱቁ? ዕቃው ቢዘገይስ ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል? በእነዚህ ላይ እስከ ሐሙስ ገበያ በጽሑፍ መልሱልኝ።