ተከትባ ለምን ታመመች? የአፍተግር ቫይረስ በየስንት ጊዜው ይለዋወጣል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ጂሬን አካባቢ)፦ ሰላም ቤተሰቦች። ጥቂት ዲቃላ የወተት ላሞች አሉኝ። አምና የአፍተግር ክትባት አስከትቤያቸዋለሁ። አሁን አንዷ ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ምላሷ ቆስሏል፣ ታነክሳለች። ጎረቤቴ «ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ክትባት ገንዘብ መጣል ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

የከብት ሐኪም፦ ወንድሜ፣ የጎረቤትህ ወሬ ይቆይና መጀመሪያ ላሟን ለያት። ጫማህንና ባልዲህን ሳታጸዳ ሌሎቹ ዘንድ አትግባ። ወደ ገበያ የሚወጣ ከብት አይኑር። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ ዛሬውኑ ተናገር፤ ከአዲሱ ቁስል ናሙና ይወሰድ። ሰበታ ያለው ላቦራቶሪ የቫይረሱን ዓይነት መለየት ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አፍተግር የአርኤንኤ ቫይረስ ነው። የዘር መመሪያው አርኤንኤ በሚባል ክር ላይ በ8,400 ገደማ ኬሚካዊ «ፊደል» ተጽፏል። ሲባዛ ፊደሎቹን ይገለብጣል፤ የተሳተውን ግን አያርምም። በየ10,000ው ወይም በየ100,000ው ፊደል አንዴ ያህል ይስታል። ስለዚህ ከአንዲት ላም ምላስ የሚወጣው ሁሉ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ስሕተት ግን ቫይረሱን ራሱን ነው የሚጎዳው።

ቡና ጠጪ፦ እንደ ኢንፍሉዌንዛም ይደባለቃል አሉ?

የላብ ልጅ፦ እንደሱ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል 8 ቁራጭ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹን ይለዋወጣሉ። የ2009 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አፍተግር ግን አንድ ረጅም ክር ነው። ሁለት ዓይነት ከተገናኙ ገልባጩ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ዘሎ ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ ቅይጥ ይወጣል።

ቡና ጠጪ፦ ታዲያ ጎረቤትየው ልክ ነዋ!

የላብ ልጅ፦ ኧረ አይደለም! በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታም እኮ የአርኤንኤ ቫይረስ ነበር። እሱም ሲገለብጥ ይሳሳት ነበር። ግን አንድ ክትባት ሁሉንም ዝርያ ይከላከል ስለነበር በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዋናው ነገር ለውጡ የት ላይ ያርፋል የሚለው ነው። የአፍተግር የውጭ ሽፋን ለውጥን ይችላል። ሰውነት ቫይረሱን የሚለየው ደግሞ በዚያው ሽፋን ነው። ሰባት ዓይነት አለው፦ ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤሽያ 1፣ ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3። ሲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታየም። የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም። እኛ አገር ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 ተገኝተዋል።

ጠያቂ፦ ካርዱን አየሁት፣ «ኦ» ብቻ ይላል። የተከተቡትም አንዴ ነው።

የከብት ሐኪም፦ እንግዲህ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። ወይ የመጣው ሌላ ዓይነት ነው፣ ወይ የክትባቱ ኃይል አልቋል። ይህ ክትባት ዕድሜ ልክ አይቆይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፣ ከዚያ በየ6 ወሩ ገደማ። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ቀጣዩን ክትባት በዚያ ምረጥ።

ለላሟ ለስላሳ መኖና ንጹሕ ውኃ ስጣት። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም፤ ቁስሉ ከመረቀዘ ብቻ ሐኪም ያዘዋል። ጥጃ ካላት ደግሞ አታጥባው። ቫይረሱ የትንንሽ ጥጆችን ልብ ይመታል፤ ምላሳቸው ሳይቆስል ድንገት ሊሞቱ ይችላሉ።