የአሜሪካ ምርጫ ፖሎች ለምን ይጋጫሉ? የቱን ልመን?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017
ሰላም የአገር ልጆች። ዲቪ የሚሞላበት ሰሞን ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ ሰፈሩ ሁሉ የአሜሪካ ምርጫ ተንታኝ ሆኗል። እኔን ግን ፖሎቹ (ከምርጫው በፊት "ማንን ትመርጣለህ?" እያሉ የሚሰበስቡት የሕዝብ አስተያየት) ግራ አጋቡኝ። ዎል ስትሪት ጆርናል ትራምፕ 47 ለ45 በመቶ ይመራል አለ። ኤቢሲ (የኛው ኢቢሲ አይደለም) ከኢፕሶስ ጋር ባወጣው ደግሞ ሃሪስ 51 ለ47። ኒው ዮርክ ታይምስና ሲየና 48 ለ48። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያንኑ ሕዝብ ጠይቀው! አማካዩን ልይ ብል እሱም ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ይለያያል። የገባው ያስረዳኝ።

ቶሳ ስር (ደሴ)
ወንድሜ፣ ሦስቱ እንደሚመስልህ አልተጣሉም። 1000 ሰው የጠየቀ ፖል የአንዱን እጩ ድርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ያህል ሊስት ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስታይ ደግሞ ስህተቱ ወደ 6 ይጠጋል፣ ምክንያቱም ለአንዱ የተጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ላይ የተነሳ ነው። ስለዚህ ሃሪስ በ4፣ ትራምፕ በ2 የሚሉ ፖሎች ከአንድ ሕዝብ ሊወጡ ይችላሉ። እንዲያውም ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያወጡ ነበር የምጠራጠረው። ብቻቸውን ላለመሳሳት ቁጥራቸውን ወደ ሌላው የሚያስጠጉ አሉ።
ማንን እንደጠየቁም እይ። የኤቢሲው 51 ለ47 ይመርጣሉ ተብለው ከተገመቱት ነው፤ ለመምረጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ከሆነ ልዩነቱ 2 ብቻ ነው።

ባለ ባጃጅ
የኛ ፕሬዚዳንት በፓርላማ መመረጡ ከስንት ጭቅጭቅ አዳነን።

ጡረተኛው መምህር (ሆጤ)
ልጆች፣ አማካይ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያጠፋው በአጋጣሚ የሚመጣውን ስህተት ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ አማካዩም አብሮ ያዘነብላል። ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ "ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማ ቢጋጠሙ የማን ደጋፊ ነህ?" ብትሉ፣ 100 ሰው ጠየቃችሁ 10,000 መልሱ ያው ነው።
በ1936 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የሪፐብሊካኑ እጩ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ ያሰባሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ሩቅ ነው ካላችሁ 2016ን ውሰዱ። ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት አማካዩ ሂላሪ ክሊንተንን በ6 ነጥብ ገደማ ሲያስመራ ትራምፕ ከ1 ነጥብ ባነሰ አሸነፈ። የተማረ ሰው ለጠያቂ ቶሎ ይመልሳል፣ እሱም ወደ ክሊንተን ያዘነበለ ነበር፣ ብዙ የግዛት ፖሎች ደግሞ ይህን አላስተካከሉም ነበር። በ2020 ብዙዎቹ አስተካከሉ፣ ግን ባይደን በ8 ይመራል እየተባለ ያሸነፈው በ4.5 ነው። ስልክ የማያነሳውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?
አገር አቀፉን ቁጥር ደግሞ ብዙ አታሳድዱት። ክሊንተን በድምፅ 2 ነጥብ በልጣ ነው የተሸነፈችው። የሚቆጠረው በየግዛቱ የሚገኘው የወኪል መራጮች ድምፅ ነው፣ ለማሸነፍም 270 ይበቃልና ወደ ማን እንደሚያጋድሉ ያልለዩትን ሰባቱን አጓጊ ግዛቶች ተከታተሉ።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። አማካዮቹ ራሳቸውስ ለምን ይለያያሉ?

ቶሳ ስር
ሪልክሊርፖለቲክስ የሚባለው ድረ ገጽ የሰሞኑን ፖሎች ደምሮ ያካፍላል፣ በቃ። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የሚባለው ግን ፖሉን ያወጣው ድርጅት ባለፉት ምርጫዎች እንዴት እንደነበረና ስንት ሰው እንደጠየቀ አይቶ ለአንዱ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጥ ነበር። "የማሸነፍ ዕድል" ሲሉህ ደግሞ ከድምፅ ድርሻ ጋር አታምታታው። በ2016 ፋይቭ ሰርቲ ኤይት ለትራምፕ 29 በመቶ ያህል ዕድል ሰጥቶት ነበር፣ ሰዉ ግን ዜሮ አድርጎ አነበበው።

የቦርከና ልጅ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017
ይኸው አለቀ። ትራምፕ 49.8 ለ48.3፣ በወኪል መራጮች 312 ለ226፣ ሰባቱንም ግዛቶች ወስዷል። አዮዋ ላይ የወጣው ስመ ጥር ፖል ሃሪስ በ3 ትመራለች ብሎ ትራምፕ በ13 አሸነፈ፣ ጉድ ነው! አገር አቀፍ አማካዮቹ ግን ከ3 ነጥብ በላይ አልሳቱም። ብቻ ትራምፕን ሲያሳንሱት ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው። እንግዲህ በ2028 ለሪፐብሊካኑ 2 ነጥብ ጨምሬ ላንብብ?

ጡረተኛው መምህር (ሆጤ)
አትጨምር ልጄ። በ2012 የተሳሳቱት በተቃራኒው ነበር፤ አማካዩ ኦባማን ከ1 ነጥብ ባነሰ ሲያስመራው በ4 ገደማ አሸንፏል።