የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገቡበትን ቦታ ካርታ እየሠራሁ ነው። ወንዞቹ ደለላቸውን እዚያ ያራግፋሉ። አምና በስልኬ ጂፒኤስ ዳሩን በእግሬ ዞርኩት። ዘንድሮ ስሄድ መስመሬ ላይ ሽንኩርት ተተክሏል! (አንድ ጫማዬም ጭቃው ውስጥ ቀረ።) የሳተላይት ምስል ስከፍት ደግሞ ሐይቁ አረንጓዴ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ አረንጓዴው እምቦጭ ነው ወንድሜ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም። በሳተላይት ምስል ላይ ውሃን ከመሬት የሚለየው ቀመር እምቦጩ ሣር ይመስለዋል። የአንድ ቀን ምስል አትመን። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት በየ5 ቀኑ ገደማ ያልፋል፤ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ናት። የበጋ ምስሎቹን ደርድረህ እያቸው። እምቦጭ በነፋስ ይሄዳል፣ መሬት አይሄድም።

መልስ 2፦ ክረምትን ከበጋ ጋር እንዳታወዳድር። የነሐሴ ደመና ካስቸገረህ የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር ደመናን አልፎ ያያል። ደግሞ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ ታድሶ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የውሃው ከፍታ ሲቀየር ዳሩም ይሸሻል ወይ ይመጣል፤ ሁሉንም በደለል አታሳብ። ለድሮው ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት አለልህ፣ ግን አንዷ ነጥቡ 30 ሜትር ስለሆነች ቀጭን ቦይ አያሳይም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የሽንኩርቱን ባለቤት አናገርኳቸው። "ክረምት ሲገባ ውሃው ይመለሳል፣ እኔ ቀድሜ እነቅላለሁ" አሉኝ። በቃ ሁለት መስመር እስላለሁ፣ የበጋና የክረምት። በቦት ጫማ።