የአሉሚኒየም ቸርኬ ፓውደር ሲቀባ ሙቀቱ ያዳክመዋል?

ባለ ቪትዝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቪትዜ ቸርኬዎች ቀለማቸው ተላልጦ ጠርዛቸው ነጭ ነጭ ብሏል። አራቱም አሉሚኒየም ናቸው። የመስኮት ፍሬም ፓውደር (ተነፍቶ ምድጃ ውስጥ የሚበስል የዱቄት ቀለም) የሚቀባ ቤት ብጠይቅ «የድሮውን ቀለም በእሳት እናነሳልሃለን፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይገባል» አሉኝ። አማቼ ደግሞ «ሙቀት የነካው አሉሚኒየም ሊጥ ነው፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል» ብሎ አስፈራኝ። ማንን ልስማ?

የቀለም ሰው፦ ወንድሜ፣ አማችህ ጨርሶ አልተሳሳተም። ቸርኬ ፋብሪካ ውስጥ 540 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ 150 ወይም 160 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፓውደር አብዛኛው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግን አንድ ዙር ብዙ አይጎዳም። እኔን ያስፈራኝ እሳቱ ነው! ቀለም የሚያቃጥል እሳት 350 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል፣ እዚያ ከደረሰ የፋብሪካው ሥራ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፣ ከላይ ሲቀባ ደግሞ አዲስ ይመስልሃል። በኬሚካል ይነሳ።

ከቨርጂኒያ፦ ልክ ነው። ደቂቃው የሚቆጠረው ብረቱ ራሱ ከሞቀ በኋላ መሆኑንም ጠይቃቸው፣ የምድጃው አየር ቶሎ ይሞቃል፣ ቸርኬው ወፍራም ስለሆነ ይዘገያል። የቸርኬውን ሙቀት በመለኪያ የሚያዩ ከሆነ ጥሩ ነው። ውስጡ የታመቀው አየር ቀለሙን እንዳያፈነዳው ቸርኬውን ሳይቀባ ቀድመው የሚያሞቁም አሉ። እሱም ሙቀት ነው፣ ይደመራል። በየዓመቱ ቀለም መቀየር የሚወዱ ልብ ይበሉ።

ጎሚስታው፦ ስለ ሙቀት ሲወራ ቡሎኑ ተረሳ። ቡሎን የሚቀመጥበትና ከመኪናው ጋር የሚገጥመው ፊት ተሸፍኖ ይቀባ። አንድ ደንበኛ ሁሉንም አስቀብቶ መጣ፣ ቀለሙ ከቡሎኑ ስር ተጨፍልቆ በሦስተኛው ቀን ቡሎኖቹ በእጅ ይዞሩ ነበር። ከተገጠመ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ነድተህ እንደገና አጥብቅ። ስንጥቅ ካለ ደግሞ አትቀባው፣ ቀለም ይደብቀዋል። ቫልቩንም አስወልቅ።

ባለ ቪትዝ፦ አመሰግናለሁ። ደውዬ ነበር፣ «በኬሚካል ከሆነ ሁለት ቀን ይፈጃል» አሉኝ። ሁለት ቀን በታክሲ እሄዳለሁ።