ከዓረብ አገር የሚላክ ገንዘብ በማን ስም ይቀመጥ?

የቡድኑ አስተባባሪ፣ ደሴ፦
በጽሑፍ በምንወያይበት በዚህ ቡድን ለዛሬ የቀረበው መከራከሪያ አንዲት አባላችን ያነሣችው ሐሳብ ነው። ከደቡብና ከሰሜን ወሎ ወረዳዎች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የምትሄድ ሴት ከመነሣቷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት፣ ከምትልከው ገንዘብም ግማሹ እስክትመለስ ድረስ ማንም በማያወጣው ሒሳብ እንዲቀመጥ በሕግ ግዴታ ይደረግ የሚል ነው። መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። መንግሥት ጉዞውን በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አግዶ በ2010 ዓ.ም. እስኪከፍተው ድረስ ሰው በጅቡቲና በየመን በኩል መሄዱን እንዳላቆመ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ያንን ክርክር መልሶ ማንሣት ጊዜያችንን ይፈጅብናል።

ጠበቃ፣ ደሴ፦
ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ስለሆንሁ ምክንያቴን ላስረዳ። በሥራዬ ተደጋግሞ የሚገጥመኝ ጉዳይ አንድ ዓይነት ነው። ሴቲቱ ለዓመታት ሠርታ ትመለሳለች፤ በላከችው ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፤ የቤቱ ካርታ ግን በአባቷ ወይም በወንድሟ ስም ነው። አባት በሕይወት ሳሉ ጭቅጭቅ አይነሣም። ያረፉ ዕለት ግን ቤቱ የውርስ ንብረት ይሆንና አንድ ሪያል ያልላከው ልጅ ከላከችው ጋር እኩል ይካፈላል። ያበደርሁት ገንዘብ ነው ብላ እንዳትከራከር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። የባንክ ደረሰኝ መላኳን ያስረዳል፤ ለምን እንደላከችው ግን አያስረዳም። ስለዚህ ግማሹ ከቤተሰብ እጅ ውጭ ይቀመጥላት እላለሁ።

አርሶ አደር፣ አምባሰል፦
ይህን የሚጽፍልኝ የመጨረሻው ልጄ ነው። ሁለት ሴት ልጆቼ ጂዳ ናቸው። ለታላቂቱ መንገድ ጥማድ በሬዬን ሸጫለሁ፤ ለታናሺቱ ከዘመድ ተበድሬያለሁ። የላኩት ገንዘብ በመጀመሪያ ዕዳ ከፈለ፤ ቀጥሎ በሬ ተካ፤ ከዚያም ማዳበሪያ ገዛ። ግማሹ ይታሰር የሚል ሕግ በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ማሳዬ ጦም ያድር ነበር። ልጅ ወላጇን መጦሯ በእስልምናም በክርስትናም የታዘዘ ነገር ነው፤ ጠበቃዋ እንደምትለው ሁሉን ወንድም ቀማኛ፣ ሁሉን አባት ባለዕዳ አድርጎ መሳል አግባብ አይደለም። በቅሬያችን (በዕድራችን) ውስጥ ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ጥቂት ነው፤ ልጆቻችንን በወረቀት እንድናስርና እንድንታሰር ከተጠየቅን ነገ ማን ማንን ያምናል?

ኡስታዝ፣ ሐይቅ፦
አባታችን የመጦር ግዴታን ማንሣትዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መጦር ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ ነው። በቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 32ኛ አንቀጽ ወንዶች ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው፣ ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ተነግሯል። ለወላጅ የምትሰጠው ከራሷ ድርሻ ነው፤ ድርሻው የእርሷ መሆኑ ካልታወቀ መስጠቷም ምንዳ አይኖረውም።

ጠበቃ፣ ደሴ፦
አባታችን ስላነሡት የበሬ ሽያጭ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ለመሳሰሉት ነው፤ ይህም በሬ የሚያሸጥ ወጪ አይደለም። በሬውን የበላው ደላላው ነው። ቤተሰብ በልጅቷ ደመወዝ ላይ መብት አለኝ ብሎ የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ዕዳ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ለደላላ የተከፈለው ገንዘብ የልጅቷ ዕዳ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም ብዬ እከራከራለሁ።

ተመላሽ፣ ሐርቡ፦
ስለ እኛ ስትከራከሩ አንድም ከእኛ የሄደች እስካሁን አልተናገረችም። ጂዳ ለዓመታት የሠራሁ ነኝ፤ ደመወዜ 1,000 ሪያል ነበር። ፓስፖርቴና የመኖሪያ ፈቃዴ (ኢቃማዬ) በአሠሪዬ እጅ ነበሩ፤ ስልክ የምይዘው ሲፈቀድልኝ ነው፤ ደመወዜን በወሩ የማላገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። እዚያ ያለ እኔ ፈቃድ ሁሉ ነገሬ በሌላ ሰው እጅ ከኖረ በኋላ፣ አገሬ ስመለስ ግማሽ ገንዘቤን ሕግ ቆልፎ ቢጠብቀኝ ሌላ አሠሪ የተጨመረብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። እህቴን ኮምቦልቻ አስተምሬያለሁ፤ እናቴን አሳክሜያለሁ፤ አንዱንም አልጸጸትበትም። የሚያንገበግበኝ መሬቱ በወንድሜ ስም ሲገዛ ማንም አለመጠየቁ ነው። በየስልኩ ስንት እንደደረሰ ይነገረኛል፤ ስንት እንደቀረ ግን ተነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ጠበቃዋን የምቃወማት አባታችን በተቃወሙበት ምክንያት አይደለም። ቁልፉ ይኑር፤ ነገር ግን በእኔ እጅ ይሁን።

የባንክ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦
እኅታችን የተናገረችው በመስኮታችን በኩል በየቀኑ የምናየው ነው። በራሷ ስም ሒሳብ መክፈት ቀላሉ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ይከፍታሉ። ነገር ግን የሞባይል ባንኪንጉ የተመዘገበው በወንድሟ ስልክ ላይ ነው፤ የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እርሱ ነው። በወረቀት ላይ ባለቤቷ እርሷ ናት፤ በተግባር ግን ገንዘቡን የሚያዝዘው ስልኩን የያዘው ሰው ነው። ሕጉ ስለ ሒሳብ ስም ብቻ ቢደነግግ ይህን አይነካውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ በጥቁር ገበያ ዋጋው እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ልጅቷ እዚያ ለአንድ ሰው ሪያል ትሰጣለች፤ ቤተሰቧ እዚህ ከአንድ ሱቅ ብር ይቀበላል፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ከለውጡ በኋላ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን በሕጋዊው መንገድ መላክ ትርጉም ማግኘት ጀመረ። አሁን በባንክ የሚገባው ግማሹ ይታሰራል ብትሉ፣ ሰዉ በማግስቱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ያን ጊዜ ጠበቃዋ የፈለገችው ግማሽ ቀርቶ፣ አሁን በእጃችን ያለው የላኪነት ማስረጃ ራሱ ይጠፋል።

ሥራ ፈላጊ፣ ወልዲያ፦
ሥሩን ትታችሁ ቅጠሉን የምትከራከሩ ይመስለኛል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያኖር ደመወዝ ቢከፍል፣ ጦርነቱም በ2014 ዓ.ም. እዚያው ድረስ ባይደርስ ኖሮ ስለ ሪያል የሚከራከር አይኖርም ነበር።

የቡድኑ አስተባባሪ፣ ደሴ፦
ቁም ነገር ነው፤ ሆኖም የፋብሪካ ሠራተኛዋም ደመወዟን ወደ ቤተሰብ የምትልክ ስለሆነ ጥያቄው ከእርሷም አይቀርም። ወደ ነገራችን እንመለስ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ደሴ፦
የሴት ደመወዝ የማን ነው የሚለው ክርክር የወሎ ወይም የድሀ አገር ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል፤ አባታችን የሚሟገቱለትን ሥርዓት አውሮፓም በሕግ ደረጃ ሲኖርበት ቆይቷል። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የራሷ መሆኑን ሕግ ያወቀላት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። በፈረንሳይ ደመወዟን ራሷ እንድታስተዳድር የተፈቀደላት በ1907 ሲሆን፣ ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግን እስከ 1965 መጠበቅ ነበረባት። በእነዚህ አገሮች ሕጉ ያደረገው ገንዘቧን መቆለፍ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳያዝዝበት መከልከል ነበር።

ማስገደድን በተመለከተ ደግሞ ፊሊፒንስ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1982 የፕሬዚዳንት ማርቆስ መንግሥት በውጭ የሚሠሩ ዜጎች ከደመወዛቸው እንደየሥራቸው ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን በባንክ ወደ አገር እንዲልኩ አዘዘ፤ ያልላከ ፓስፖርቱ አይታደስለትም ተባለ። ሠራተኞቹ በሆንግ ኮንግ ከነበሩት የቤት ሠራተኞች ጀምሮ ተደራጅተው ተቃወሙ፤ ቅጣቱም በ1985 ተሻረ። ዓላማው ከጠበቃዋ ዓላማ ጋር አንድ አይደለም፤ መንግሥት ዶላሩን ፈልጎ ነው። ያም ሆኖ ከሠራተኛዋ ሳይመክር የተጣለ ግዴታ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል።

በሌላ በኩል በሕንድ በማድያ ፕራዴሽ የተደረገ ጥናት አለ። ለመንግሥት የሕዝብ ሥራ የሚከፈለው ደመወዝ በቀጥታ ወደ ሴቲቱ ሒሳብ እንዲገባ ሲደረግና አጠቃቀሙንም ስትሠለጥን፣ ከቤት ውጭ ሠርቶ ማግኘቷ ጨምሯል። ይበልጥ የጨመረውም ቀድሞ ሥራ ባልነበራቸውና ባሎቻቸው መሥራታቸውን በማይወዱት ሴቶች ዘንድ ነው። ሥልጠናው ባይጨመርበት ሒሳቡ ብቻውን ያን ያህል አልሠራም፤ የባንክ ባለሙያው ስለ ምሥጢር ቁጥሩ ካነሣው ጋር ይገጥማል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገመተው በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች ሲኖሩ ከ4ቱ 3ቱ ሴቶች ናቸው። እዚሁ ደሴ በሰው ቤት የምትሠራዋን ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ቁጥር 1156/2011 ለሌላ ደንብ ትቷት አልፏል። የጂዳዋን መብት እየተከራከርን የጎረቤታችንን ሠራተኛ መርሳታችን በዚህ ቡድን ውስጥ ካሉት አሠሪዎች አንጻር የሚያስተዛዝብ ነው።

ተመላሽ፣ ሐርቡ፦
በሳዑዲም የተለወጠ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዲስ ውል የምትገባ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ መሳነድ በሚባለው የመንግሥታቸው መድረክ በኩል፣ በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ታዝዟል። በእኔ ጊዜ ይህ አልነበረም። አሁን የምትሄደው ልጅ ገንዘቧ በመጀመሪያ በራሷ ስም ይገባል፤ እዚያው ማቆየትም ትችላለች። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠቃቀም ጎን ይህ ይካተት፤ የምሥጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠትም ይካተት።

ጠበቃ፣ ደሴ፦
የባንክ ባለሙያውና እኅቴ ያቀረቡትን ይዤ ሐሳቤን እንዲህ አጠብበዋለሁ። ግዴታው ገንዘቡን በማሰር ላይ ሳይሆን ሰነድ በመፈራረም ላይ ይሁን። ከመነሣቷ በፊት ልጅቷና ቤተሰቧ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ለጉዞው በእርግጥ የወጣው ወጪ ስንት ነው፣ ከምትልከው ለወላጅ የሚውለውና የራሷ ሆኖ የሚጠራቀመው የትኛው ነው፣ በገንዘቧ መሬት ወይም ቤት ቢገዛ በማን ስም ይሆናል። የምትሰጠው ውክልናም ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ ይሁን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ወኪልም ሒሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት። ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ አይፈልግም፤ ያለውን መጠቀም ብቻ ነው።

አርሶ አደር፣ አምባሰል፦
እንዲህ ከሆነ ቁጣዬ ይበርዳል። በክልላችን የመሬት ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባለቤቴ ስምና ፎቶ ከእኔ ጎን ሲገባ ሽማግሌዎቹ ስቀውብን ነበር፤ አሁን ያለ ሁለታችን ፊርማ መሬቱን ማከራየት እንደማይቻል ለምደነዋል፤ ትዳራችንም አልፈረሰም። ነገር ግን ለልጆቼ ሐይቅ ከተማ ላይ ቤት ልግዛ ብል እነርሱ ጂዳ እያሉ በስማቸው እንዴት ይሆናል? ሻጩ አንድ ወር አይጠብቅም።

ጠበቃ፣ ደሴ፦
ጂዳ ባለው ቆንስላ ቤት ለመግዛትና በስሜ ለማስመዝገብ የሚል ውክልና ይስጡዎት፤ ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቤት መፈለግ ከመጀመርዎ በፊት አስቀድመው ያስልኩት እንጂ ሻጭ ከተገኘ በኋላ አይሁን። ገዢ ተብሎ በውሉ ላይ የሚሰፍረው የእነርሱ ስም ነው፤ እርስዎ እንደ ወኪል ይፈርማሉ።

ሠራተኛ፣ ሪያድ፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስላላገቡት ነው። እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ልጆቼን የያዘልኝ ባለቤቴ ነው። በምልከው ገንዘብ አዲስ አበባ ቤት ገዝቶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መሸጡን ከሰው ሰማሁ። የእኔ ውል ገና አላለቀም። ተመልሼ ብጠይቀው ይሻላል ወይስ?

ጠበቃ፣ ደሴ፦
እኅቴ፣ ተመልሰሽ እስክትጠይቂው አትጠብቂ። በጋብቻ ጊዜ ከሁለታችሁ የግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ በእርሱ ስም ብቻ ቢሆንም ግማሹ የአንቺ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከተሸጠም ሽያጩ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችያለሽ። ነገር ግን ጊዜ ተወስኖበታል። መሸጡን ካወቅሽበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ካለፈ፣ ወይም ባታውቂም እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ፣ ክሱ አይሰማም። የዓረብ አገር ኮንትራት ብዙ ጊዜ 2 ዓመት መሆኑን አስቢው። አንቺ ያወቅሽው ባለፈው ሳምንት ነው። ሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ሄደሽ ለምታምኚው ሰው ወይም ለጠበቃ የክስ ውክልና ስጪ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽንና የላክሽባቸውን ደረሰኞች ፎቶ አንሥተሽ አያይዢ። ባለቤትሽን አሁኑኑ መጠየቅም ትችያለሽ፤ ውክልናው ግን መልሱን አይጠብቅ።