ኦርጋኒክ ሲንግል ሞልት ከሌላው ዊስኪ በምን ይለያል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ከስኮትላንድ ሲመጣ ኑክኒያን የሚባል ዊስኪ ይዞልኝ መጣ። ኦርጋኒክ ሲንግል ሞልት፣ 46 በመቶ ይላል። የሚወጣው ድሮ የእርሻ ግቢ በነበረ ቦታ ነው አሉ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ገለባ የመሰለ ነው። ኦርጋኒክ መሆኑ ጣዕሙ ላይ ምን ይጨምራል? በድሬ ሙቀትስ የት ላስቀምጠው? ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው የያዝኩት።

ጁገል፦
አቦ ጥሩ ነገር ነው የደረሰህ! ሲንግል ሞልት ማለት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ አንድ ዊስኪ ማውጫ ቤት ውስጥ፣ በመዳብ ጋን የወጣ ነው። በስኮትላንድ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት ኦክ በርሜል ውስጥ ካልተኛ ዊስኪ አይባልም። ኦርጋኒክ የሚለው ማሳውን ነው፤ ገብሱን ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አልነካውም ማለት ነው። ጣዕሙን በብዛት የሚሰጡት እርሾው፣ አወጣጡና በርሜሉ ናቸው። ቀለሙንም አትናቀው፣ ጠቆር ያሉት ብዙዎቹ ካራሜል የሚባል ማቅለሚያ የገባባቸው ናቸው። ደግሞ የእርሻ ዊስኪ ሁሉ ኦርጋኒክ አይደለም። እዚያው ስኮትላንድ አይላ ደሴት ያለው ኪልሆማን የሚባል ዊስኪ ማውጫ ከገብሱ የተወሰነውን ራሱ ዘርቶ ራሱ ያበቅላል፣ ያንተው ግን ከኦርጋኒክ ገበሬዎች ነው የሚገዛው።

ገብሴ፦
እኔ ገብሱ ላይ ልጨምር። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ አለ፣ ኦርጋኒክ ገበሬ ደግሞ እንደሌላው መድኃኒት አይረጭም፣ ስለዚህ ዝርያው ራሱ መቋቋም አለበት። ኤምኤልኦ 11 የሚባለው መከላከያ ዘረመል የተገኘው ከኛው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በጸደይ በሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ አለ። እኛ ግን ካቲካላችንን ትኩሱን እንጨርሰዋለን። አንድ ሰው የሐረርጌን ገብስ አብቅሎ፣ አረቄውን በርሜል ውስጥ ቢያስተኛው ምን ነበረበት?

ሳቢያን፦
ቢያስተኛም ሐረር ነው እንጂ ድሬ አይሆንም። ስኮትላንድ ውስጥ ከበርሜል በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይተናል፤ ሞቃት አገር ላይ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።
ጠርሙሱን በተመለከተ፦ ፀሐይ የማያገኘው ቁምሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አቁመህ። ካጋደምከው አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ቆርቆሮው ስር ከፍ አድርገህ እንዳታስቀምጥ። ለጨብሲም አታውለው በናትህ፣ ጫት የዋለበት ምላስ ምንም አይለይም። ስትከፍተው መጀመሪያ ደረቁን ቅመስ፣ ከዚያ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርግበት፣ ሽታው ያኔ ይከፈታል።

የከዚራ ልጅ፦
ተባረኩ። አጎቴ ግን ያለ በረዶ አይጠጡም፣ ምን ላድርግ?

ሳቢያን፦
አንድ በረዶ ብቻ ጣልላቸው፣ ትልቁን። በረዶ ሲበዛ ሽታው ይጠፋል።